«ይችን ዓመት ደግሞ ተዋት»

በዘመነ ጽጌ፣ በሐይቅ ከተማ፣ ለጽዋ ማኅበር እናቶችና ለሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የተደረገ ንግግር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እናንተም ከኋላ የቆማችሁ ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? እንኳን ለዘመነ ጽጌ በሰላም አደረሳችሁ! ወደ ፊት ኑ እንጂ፤ እዚህ ጋ ቦታ አለ። ነይ የኔ ዓለም፣ ልጅሽን ይዘሽ አትቁሚ፤ ቁጭ በይ።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ያህል ጠመኔ ይዤ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። ከዚያ በፊት የገበሬ ልጅ ነኝ። አሁን ደግሞ ጓሮዬን ስኮተኩት የምውል ሰው ነኝ። የነፍስ አባቴ «ዛሬ አንቺ ተናገሪ» ሲሉኝ ደነገጥኩ። «አባቴ፣ እኔ ምን አውቄ?» አልኳቸው። «ከመጽሐፉ እኛ እንናገራለን፤ አንቺ ከመሬቱ ያየሽውን ንገሪን» አሉኝ። ስለዚህ ከመሬቱ ያየሁትን ይዤ መጥቻለሁ።

ወቅቱም ይፈቅድልኛል። ከመስከረም 26 ጀምሮ 40 ቀን ጽጌ ነው። እመቤታችን ልጇን አዝላ ወደ ግብፅ የተሰደደችበትን እያሰብን፣ ካህናቱ ሌሊቱን ማኅሌት እየቆሙ፣ ከእኛም ብዙዎቻችን በፈቃዳችን እየጾምን እንሰነብታለን። ጌታችንም በወንጌል «የሜዳ አበቦች እንዴት እንዲያድጉ ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ» ብሎናል። ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ! ለመሆኑ ከመካከላችን በዚህ ሳምንት አንዲት አበባ አጠገብ ቆሞ ልብ ብሎ ያየ ማን ነው? እጅ አውጡ አልልም። እኔም ብዙ ዓመት ሳላይ ነው የኖርኩት።

ሦስት ነገር እናገራለሁ። የመጀመሪያው ስለ ዘር ነው። ሁለተኛው ስለ ወፍ ነው። ሦስተኛው ጓሮዬ ውስጥ ስላለች አንዲት ዛፍ ነው። ሦስተኛው ላይ ብቆይባችሁ ታገሡኝ፤ የመጣሁት ለእሱ ነው።

እንግዲህ ስለ ዘር።

የተወለድኩት አምባሰል ነው፤ ከዚህ ወደ ውጫሌ ስትሄዱ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ፣ ማሽላ አገር። ማሽላውም ዓይነት ዓይነት ነበረው። ጥንቅሽ ነበረን፤ አገዳውን እንደ ሸንኮራ የምንመጠው። «ወተት በጉንጬ» የሚባል ነበረን። ስሙን ስሙልኝማ፤ ወተት በጉንጬ! እሸቱን ጠብሰህ ስትበላው እውነትም ወተት ነው። ኋላ አስተማሪ ሆኜ ሳነብ፣ ይኸው የወሎ ማሽላ ከሌላው ማሽላ የተሻለ የፕሮቲን ጥራት እንዳለው ተመራማሪዎች ማረጋገጣቸውን አወቅሁ። እናቴ ግን ሳታነብም ታውቅ ነበር። ልጅ ሲታመም የምትሰጠው ከዚያው ነበር።

የዘር ማሽላ ከእህሉ ጋር ጎተራ አይገባም። ገበሬው ገና ማሳው ላይ እያለ ደህና ደህናውን ራስ ይመርጣል። ከነዛላው ያስረውና ከምድጃው በላይ ማገሩ ላይ ይሰቅለዋል። ጭሱ ከነቀዝ ይጠብቀዋል። ጥቁር ይሆናል፣ ጥላሸት ይለብሳል፤ ውስጡ ግን ደህና ነው። እናቶች ይኼን ታውቁታላችሁ። ልጆቼ ግን ላታዩት ትችላላችሁ።

በ1977 እኔ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ስለዚያ ዓመት ለዚህ ጉባኤ ምን እነግራችኋለሁ? ከእናንተ ግማሾቻችሁ አይታችሁታል። ግማሾቻችሁ ከእናቶቻችሁ ሰምታችሁታል። አንዲት ነገር ብቻ ልንገራችሁ። እኛ ቤት ጎተራው ባዶ ነበር። ከምድጃው በላይ ግን አምስት ራስ ማሽላ ተሰቅሎ ነበር። እኛ ልጆቹ ማታ ማታ በጀርባችን ተኝተን እሱን እናያለን። እሳቱ ሲንቦገቦግ ጥላው ግድግዳው ላይ ይወዛወዛል። ታናሽ ወንድሜ «እማ፣ ያ ምንድን ነው?» ይላታል። እያወቀ እኮ ነው የሚጠይቃት! እናቴ «እሱ የከርሞ ነው» ትለዋለች። በማግስቱም ይጠይቃታል። በማግስቱም «የከርሞ ነው» ትለዋለች።

በዚያ ዓመት ትንሿ እህታችን አረፈች። ኩፍኝ ነው የወሰዳት፤ ረሃቡ ያደከመውን ገላዋን። ማሽላው ግን እንደተሰቀለ ነበር።

ይኼን በቀላሉ የምናገረው አይምሰላችሁ። ያን ዘር ቆልታ ብትሰጣት ትተርፍ ነበር ወይ? አላውቅም። እናቴንም እስክትሞት ድረስ ጠይቄያት አላውቅም። እንዴት ይጠየቃል? የማውቀው ይኼን ነው፤ ዝናቡ ሲመለስ አባቴ አምስቱን ራስ አወረደ። አሸው። አንዲት ትንሽ ቁና ነበር የሞላው። እናቴ ይዛው ወደ ማሳው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። አባቴ እየበተነ ያለቅስ ነበር። አባቴን ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

መዝሙረ ዳዊት ላይ «በልቅሶ የሚዘሩ በደስታ ይለቅማሉ» የሚል አለ። ብዙ ሰው ሲሰማው ይገርመዋል፤ ሰው ሲዘራ ለምን ያለቅሳል? መዝራት ደስ የሚል ሥራ አይደለም ወይ? የወሎ ሰው ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልጁ እየራበው እህል አፈር ውስጥ የሚቀብር ሰው ነው የሚያለቅሰው። እንደገና ልበለው፤ ልጁ እየራበው እህል አፈር ውስጥ የሚቀብር ሰው! ያ ነው እምነት ማለት። እኛ ዛሬ እምነት ስንል ደስ የሚል ስሜት ይመስለናል። ዝማሬ ሲሞቅ የሚመጣ ነገር ይመስለናል። እኔ ግን እምነት ሲባል ትዝ የሚለኝ የአባቴ እጅ ነው። ቁናው ውስጥ ይገባል፣ ይዘግናል፣ ይበትናል። ደግሞ ይገባል።

በነገራችን ላይ ያ ዘር ውድ ነገር እንደሆነ የገባቸው የተማሩ ሰዎችም ነበሩ። በድርቁ ጊዜ የገበሬው ዘር እየተበላ፣ እየጠፋ ነበር። የአገራችንን የጂን ባንክ፣ የዘር ማከማቻውን ማለቴ ነው፣ ይመሩ የነበሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር በማዳን፣ መልሶም ገበሬው እጅ ላይ እንዲዘራ በማድረግ ብዙ ደክመዋል። እዚህ ወሎም ከገበሬው ጋር ተሠርቷል። ለድካማቸው በ1982 ዓ.ም. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ነፍሳቸውን ይማር። ይኼን የምላችሁ እናቶቻችን ምድጃ ላይ የሰቀሉት ነገር ተራ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው።

ሁለተኛው ስለ ወፍ ነው፤ ይኼ አጭር ነው።

አሁን ከዚህ ወጥታችሁ ወደ ቆላው ብትወርዱ ማሽላው እየያዘ ነው። በየማሳው መካከል ማማ ቆሟል። ማማው ላይ ልጅ አለ፣ ወንጭፍ አለ። ግሪሳ መቼ ነው የሚመጣው? እናንተ የገጠር ልጆች ንገሩኝ። ማለዳና ወደ ማታ! ልክ ነው። ቀትር ላይ ወፉም ያርፋል። ማለዳ ግን ብርድ ነው፣ እንቅልፍ ይጥማል፤ ወፉ የሚመጣው ያኔ ነው።

ጌታ ስለ ዘሪው ሲናገር መንገድ ዳር የወደቀውን «ወፎች መጥተው በሉት» አለ። እናንተ ወጣቶች፣ ዓይናችሁን ስትገልጡ መጀመሪያ እጃችሁ የሚሄደው የት ነው? ወደ ስልክ ነው አይደል? እኔ ስልክ አልነቅፍም፤ እኔም አለኝ፤ ከልጆቼ ጋር የምገናኘው በእሱ ነው። ግን ማለዳውን ለማን ሰጠኸው? አባታችን ሆይ ሳይባል የተከፈተ ማለዳ ማማው ባዶ የሆነ ማሳ ነው። ይኼን ብቻ ብዬ አልፋለሁ። ማማ ላይ ስለተቀመጠ አንድ ልጅ ግን ኋላ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ዛፏ።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 አንዲት በለስ አለች። በለስ ስላችሁ ያችን ክረምት ላይ በቆርቆሮ እየሸጡ፣ እሾህዋን እየጠረጉ የሚልጡልንን እንዳታስቡ። ያችኛዋ ቁልቋል ናት። የወንጌሏ በለስ ዛፍ ናት፤ የሾላና የዋርካ ዘመድ ናት። አንድ ሰው በወይን አትክልቱ ውስጥ ተክሏታል። ደህና መሬት ላይ ማለት ነው። ሦስት ዓመት እየመጣ ፍሬ ፈለገባት፤ ምንም አላገኘም። ለአትክልተኛው «ቍረጣት፤ ስለ ምን ደግሞ መሬቱን ታጐሳቍላለች?» አለው። ይኼ ሰው ጨካኝ አይደለም። ትክክል ነው የተናገረው። እናንተስ ብትሆኑ አትቆርጧትም?

እኔ ልቆርጣት ነበር። የእኔይቱ አቮካዶ ናት። በ2002 ነው የተከልኳት፤ ከገበያ ገዝተን ከበላነው ፍሬ። ልጆቼ ፍሬዋን ውሃ ላይ በእንጨት አንጠልጥለው አበቀሏት፤ እኔ ከኩሽናው ጀርባ ተከልኳት። አደገች፣ ሰፋች፤ ቅጠሏ ግን ጫፍ ጫፉ እየተቃጠለ ቡናማ ይሆናል። ፍሬ የለም። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እንደሚቆይ አውቃለሁ። አምስት ዓመት ጠበቅኩ። ሰባት ዓመት ጠበቅኩ። ዘጠነኛው ዓመት ላይ ባለቤቴ መጥረቢያ አውጥቶ «ኩሽናውን ሰፋ እናድርግበት» አለ። እኔም «እሺ» አልኩት። ከልቤ ነው እሺ ያልኩት።

በዚያ ቀን ጎረቤታችን ሼኹ በአጥሩ በኩል አይተውን መጡ። ከአጥሩ ወዲህ የእኛ፣ ከአጥሩ ወዲያ የእሳቸው ነው። ቅሬያችን፣ እድራችን ማለቴ ነው፣ አንድ ነው። ሐዘናችንም ሠርጋችንም አንድ ነው። ይኼ ለወሎ ሰው ወሬ አይሆንም፤ ከሌላ አገር የመጣ እንግዳ ካለ እንዲያውቀው ነው የምናገረው። ሼኹ ዛፏን ዞሩ። ጎንበስ አሉ። ጣታቸውን አፈሩ ውስጥ ሰደዱ፤ አልገባም፤ አፈሩ እንደ ምጣድ ደርቆ ነበር። ቆንጠር አድርገው አነሡና አሸተቱት።

«እታለም» አሉኝ፣ «ይች ውሃ ከየት ነው የምትመጣ?»

የልብስ ማጠቢያችን ከበላይ ነው። የእኔ፣ የባለቤቴ፣ የአራት ልጆች ልብስ፣ በየቅዳሜው፣ ዘጠኝ ዓመት። የኦሞውን ውሃ ሁልጊዜ የምደፋው እዚያው ነበር። እንዲያውም «ውሃ ጠጣች» እል ነበር!

«ዛፏ ምን በደለች?» አሉኝ ሼኹ። «ሳሙና እያጠጣችኋት!»

ወገኖቼ፣ ያን ቀን ያፈርኩትን እፍረት አልረሳውም። አቮካዶ ጨው የማይወድ ተክል ነው። ጨው ሲበዛበት ቅጠሉ ከጫፉ ይቃጠላል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዛፏ በየቅጠሏ እየነገረችኝ ነበር፤ እኔ የማየው ፍሬዋን ብቻ ስለነበር አልሰማኋትም። ፍሬ የለሽም ብዬ የፈረድኩባትን በራሴ እጅ ነው የመረዝኳት።

አሁን እጠይቃችኋለሁ። ቤታችሁ ውስጥ «ይኼ ልጅ ፍሬ የለውም» የምትሉት ማን ነው? ባል ነው? ሚስት ናት? ከቤተ ክርስቲያን የቀረ ወንድም ነው? ቅጠሉን አይታችሁታል? በየቀኑ ሥሩ ላይ የምትደፉት ምንድን ነው? ማታ ማታ የሚሰማው ስድብ ምን ምን ይላል?

ወደ ወንጌሉ ልመለስ። አትክልተኛው ምን አለ? «ጌታ ሆይ፣ ዙሪያዋን እስክኰተኵትላትና ፋንድያ እስካፈስላት ድረስ በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት።» እስቲ ልብ በሉት። «ተዋት» ብሎ ብቻ አላበቃም። «እኔ እኮተኩታለሁ፣ እኔ ፋንድያ እሸከማለሁ» ነው ያለው። ምልጃው ዶማ አለው። ምልጃው የፋንድያ ሽታ አለው!

እኛ ስንት ጊዜ «ጸልይልኝ» ተብለን «እሺ» ብለናል? እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ረስቻለሁ። ያስታወስኩ ቀንም «እገሌን አስበው» ብዬ ተኝቻለሁ። አትክልተኛው ግን ለዛፏ ሲለምን የራሱን አንድ ዓመት ሰጥቷል። የለመነላትን ሊሠራላት ነው የለመነው።

እኛም ዛፏን አልቆረጥናትም። መጀመሪያ የማጠቢያውን ውሃ በቦይ ወደ ሌላ አዞርን። ከዚያ ሼኹ ከከብቶቻቸው በረት በጆንያ ፋንድያ አመጡልን። እኔ ወዲያው ልጨምረው ስል «አይ፣ አይ! ትኩሱ ያቃጥላል» አሉ። ጉድጓድ ውስጥ ስድስት ወር ከርሞ፣ በስብሶ፣ አፈር አፈር እስኪሸት ጠበቅን። መኮትኮቱም ልክ አለው። ባለቤቴ ዶማውን ሲያነሣ አሁንም ሼኹ ከለከሉት። የአቮካዶ ሥር የሚመግበው ከላይ ነው፤ አብዛኛው አንድ ስንዝር እንኳ አይወርድም። በዶማ ከገባህበት ቆረጥከው። በመኮትኮቻ፣ በስሱ፣ ቅርፊቱን ብቻ እየፈነቀልን ኮተኮትን። በላዩ ደረቅ ቅጠል ጎዘጎዝን። ክረምቱ መጣና ጨውን አጠበው።

ይኼ ስለ ተግሣጽም ብዙ ያስተምረኛል። እውነት ስለያዝን ብቻ በዶማ የገባንባቸው ሰዎች አሉ። እውነቱ እውነት ነበር። የሰዎቹ ሥር ግን ተቆረጠ።

አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ማማ ላይ የተቀመጠ ልጅ አለ ብያችሁ ነበር።

አስተማሪ ሆኜ፣ የት ትምህርት ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ስምንተኛ ክፍል አንድ ልጅ ነበረኝ። ከሳምንቱ ሁለት ሦስት ቀን ይቀራል። የመጣ ቀን ደግሞ ይተኛል። ጠመኔ ወርውሬበታለሁ። ተማሪው ፊት «አንተ የድንጋይ ራስ» ብዬዋለሁ። በመጨረሻ መምህራን ተሰብስበን ይሰናበት ተባለ። እጅ ስናወጣ እኔም እጄን አወጣሁ። ከመካከላችን «ይችን ዓመት ተዉት፤ እኔ ልየው» ያለ አንድም ሰው አልነበረም። እኔ ልሆን እችል ነበር። የክፍሉ ኃላፊ እኔ ነበርኩ።

ዐሥር ዓመት አልፎ ኮምቦልቻ መናኸሪያ አንድ ጎልማሳ ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ አውቶቡሱ ላይ ጫነልኝ። ብር ልሰጠው ስል «ቲቸር፣ አላወቁኝም?» አለኝ። አወቅሁት። እንዴት እንደነበርክ አጫውተኝ አልኩት። አባቱ ሞተው ነበር። ሌሊት ሌሊት የሰው ማሽላ ከከርከሮ ይጠብቅ ነበር፤ በገንዘብ። ማማ ላይ ያድራል፣ ሲነጋ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ እኔ ክፍል ይመጣል፣ ከዚያ ይተኛል። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። «አልጠየቁኝም እኮ፣ ቲቸር» አለኝ። በቁጣ አይደለም ያለኝ። እየሣቀ፣ ሻንጣዬን በገመድ እያሰረ ነው ያለኝ።

አልጠየቁኝም እኮ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሴ ላይ «አቤቱ ማረን» በተባለ ቁጥር ያ ድምፅ ይመጣብኛል። ንስሐ ገብቻለሁ። ቢሆንም ይመጣብኛል። ሼኹ ዛፏን ሲያስጥሉን ቶሎ የገባኝም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ለእሱ ያልያዝኩትን መኮትኮቻ ለዛፏ ያዝኩ።

እናንተ የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች፣ መዝገባችሁን አውቃለሁ። «ሦስት ጊዜ የቀረ» የሚል ዝርዝር አላችሁ። ስሙን ከመሰረዛችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ። ለምን እንደቀረ ጠይቁት። እናቱን ጠይቋት። ይኼን አደራ እላችኋለሁ፤ እለምናችኋለሁም።

ደግሞ ትዕግሥቱን ከሩቅ አትፈልጉ። ከዚህ ከሐይቁ ዳር ያለውን ገዳም እዩ። ድሮ ደሴት ነበረ፤ አሁን ከየብሱ ጋር ተገናኝቷል። እኛ ሴቶች ወደ ውስጥ አንዘልቅም፤ ከደጁ ሆነን ተሳልመን እንመለሳለን። እዚያ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ ነበር። ከሸዋ መጥተው እሳቸው እግር ሥር ዓመታት ከቆዩት አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ስማቸው ምን ማለት ነው? የሃይማኖት ተክል! እንግዲህ ያ ተክል የችግኝ መደቡ እዚህ ነበር፤ ይኸው ዓይናችን ሥር። አገር ሁሉ የሚያውቀውን ፍሬ እናውቃለን። ያን ሁሉ ዓመት ውሃ ያጠጣውን፣ የኮተኮተውን፣ ሌሊት ያስተማረውን አባትስ ስንቶቻችን እናስበዋለን? እኔ ሐይቁ ዳር ስቆም የማስበው እሱን ነው።

አሁን የዛፏን ነገር ልጨርስላችሁ፤ ጠብቃችሁኛልና።

በመጀመሪያው ዓመት ምንም የለም። ቅጠሏ ግን ከጫፉ መቃጠሉን ተወ። በሁለተኛው ዓመት አበበች። ደስ ብሎን ጎረቤት ጠርተን አሳየን። ከዚያ ሁሉም ረገፈ። አቮካዶ ሲያብብ ብዙ ነው የሚያብበው፤ ከሺህ አበባ አንዱ ፍሬ ቢይዝ ትልቅ ነገር ነው። የጽጌ ወራት ላይ ሆነን ይኼን ማስታወስ ደግ ነው፤ ማኅሌቱን ሰምተን፣ አበባውን አይተን፣ ፍሬውን ነገ ካላየን ብለን አንጣደፍ። ባለቤቴ ያኔ መጥረቢያውን አላነሣም። «ትረፍ» ብሎ ሄዶ ፋንድያ ጨመረላት።

በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ሲመጣ ቤታችንን ዘግተን ወጣን። እናንተም ወጥታችኋል። የሆነውን አልዘረዝርም፤ ቁስሉ ገና ነው። ሼኹ ግን እግራቸው አልሄድ ብሏቸው ቀሩ። ስንመለስ በራችን ተገንጥሏል። ቤቱ ውስጥ የቀረ ዕቃ የለም። ባለቤቴ ደፉ ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቤቱን ማየት አቃተኝና ወደ ጓሮ ዞርኩ።

ከዛፏ ሥር አፈሩ እርጥብ ነበር። በወሩ ሙሉ ዝናብ አልነበረም። ሼኹ በዚያ ሁሉ ጭንቅ፣ በዚያ እግራቸው፣ በማሰሮ እየቀዱ በአጥሩ ቀዳዳ ሲያጠጧት ከርመዋል። ቀና ብዬ አየሁ። ቆጠርኩ። ዐሥራ አንድ ፍሬ ነበር። አንዷን ቆርጬ ሄድኩላቸው። በእጃቸው ይዘው ገለባበጧትና «አልነገርኩሽም፣ እታለም?» አሉኝ። እየተላቀስን ነው የበላናት።

ሼኹ አርፈዋል። ቅሬው ሁሉ ወጥቶ ነው የቀበራቸው። የዛፏ ፍሬዎች ግን ተበልተው አላለቁም። ዘራቸውን እያስበቀልኩ ቆይቻለሁ። አሁን ስትወጡ በሩ ጋ በጥቁር ላስቲክ የተተከሉ ሠላሳ ያህል ችግኞች ታያላችሁ። ለየቤቱ አንድ አንድ ነው፤ ልጆች፣ እናቶቻችሁን አግዟቸው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ከፍሬ የበቀሉ ናቸው፣ የተዳቀሉ አይደሉም፤ ሰባት ስምንት ዓመት ሊቆዩባችሁ ይችላሉ። ፀሐይ የሚያገኝ፣ ውሃ የማይተኛበት ቦታ ምረጡላቸው። ጉድጓዱን ሰፋ አድርጉት። ልብስ ካጠባችሁበት ውሃ አርቋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።